ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ

በቤተ ሙከራው ሁሉም «ሸረሪት» ነው የሚላት። እሷም አትቀየምም፤ ሽቦ ስትጠቀልል ላየ ሰው ሌላ ስም ከየት ይመጣለታል? ያደገችው የተቃጠለ ሞተር በሚጠግኑት በአባቷ ሱቅ፣ ከመዳብ ጋር ስትታገል ነው። አሁን የምትጠቀልለው ግን ከሩዝ ፍሬ በማትበልጥ የመስታወት ቱቦ ላይ ነው። ቱቦዋ ውስጥ ከታማሚ የተወሰደ የሥጋ ቅንጣት ይገባል፤ ከነሽቦዋ ትልቁ ማግኔት ውስጥ በአየር ግፊት እንደ እንዝርት ትሾራለች፤ ሽቦው ደግሞ ከሥጋው የሚወጣውን ደካማ ምልክት ይለቅማል። ሐኪሞች በሽታውን የሚለዩት በዚያ ምልክት ነው።

ችግሩ፣ ሥጋው ይበስላል።

«ዛሬም ቀለጠ!» አለ የፊዚክስ ባለሙያው፣ በሥጋው ፈንታ ለሙከራ የከተቱትን ቅቤ በአጉሊ መነጽር እያየ። አለቃቸው ቁርጡን ነግረዋቸዋል፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ቅቤው ሳይቀልጥ ካልወጣ ሥራው ይዘጋል፣ ሸረሪትም ጓዟን ይዛ ትሰናበታለች።

«ምን ላድርግ?» አለች ሆድ ብሷት። «በጋለ ቁጥር ሽቦውን አወፍርለታለሁ፤ አባዬ ያስተማረኝ ይሄንኑ ነው።»

ባለሙያው ራሱን ያዘ። «አወፈርሽው? እኔ እኮ ይሄን ሳላውቅ፣ ሙቀቱ ይበርድ እንደሆነ ብዬ ፍጥነቱን ስቀንስ ከረምኩ! እህቴ፣ ይሄ ሞተር አይደለም። ሞተር የሚግለው በምንልክበት ኤሌክትሪክ ነው። ይሄ ሽቦ ግን ማግኔት ውስጥ ስለዞረ ብቻ፣ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደ ውኃ አዙሪት ይዞራል፤ የሚያግለው ያ ነው። ሽቦው በወፈረ ቁጥር አዙሪቱ እንደልቡ ይፈነጫል።»

«እንግዲያው አብሳይዋ እኔው ነኝ በለኛ!»

«እኔስ መቼ ጠየቅኩሽ? ወጥ ቤቱ የሁለታችን ነው።»

በሐፍረት ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ግን አኩርፎ መቀመጥ አልፈጠረባትም። ማንም ሊነካው የማይደፍረውን፣ ከፀጉር የቀጠነውን ሽቦ አወጣችና መጠቅለል ጀመረች። ተበጠሰ። ትንፋሿን ውጣ ደገመች፤ አሁንም ተበጠሰ። ሲጨንቃት አባቷ ጋ ደወለች።

«ቀጭን ሽቦ?» አሉ። «ይቃጠልብሻል፣ ልጄ!»

«እዚህ ሕጉ ተገልብጧል፣ አባዬ። ብቻ እንዳይበጠስብኝ ምን ይሻለኛል?»

አባትየው አላመኑም፤ ግን ልጅ ናትና አልጨከኑባትም። «እንግዲያው ሽቦውን አትጎትቺው። ቱቦውን ቀስ አድርገሽ አዙሪው፤ ሽቦው ራሱ ይከተልሽ።»

ተከተላት። ጥርሷን ነክሳ ዙሩን ከዙር አጠገብ አስተኛችው። ቱቦዋ ማግኔቱ ውስጥ ገባች፤ ባለሙያውም ፍጥነቱን እስከ ጥጉ ለቀቀላት፣ ፉጨቷ ክፍሉን ሞላው። ስትወጣ አጉሊ መነጽሩ ላይ ያጎነበሱት አለቃዋ ራሳቸው ነበሩ። ቅቤው እንደገባ ነው፤ ጠርዙ እንኳ አልለሰለሰም። ወዲያው የታማሚውን ሥጋ አስገቡ፤ ምልክቱ ኮምፒውተሩ ላይ ጥርት ብሎ ወጣ። ሸረሪት ጮቤ ረገጠች፤ አለቃዋም መነጽራቸው እስኪወድቅ አቀፏት።

ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ደወለች። «አልቀለጠም፣ አባዬ! በቀጭኑ ሽቦ!»

ስልኩ ሳይዘጋ፣ የሚጣደፍ እርምጃ ወደ ደጅ ሲወጣ ተሰማት። ቀጥሎ የሰማችው ለእሷ የተነገረ አልነበረም፤ በሽቦ ነገር ለማንም እጅ ሰጥተው የማያውቁት አባቷ፣ ሱቃቸው ደጃፍ ወጥተው ለመንገደኛው ሁሉ ይጮኻሉ።

«ልጄ በለጠችኝ! ኧረ ስሙኝ፣ በለጠችኝ እኮ!»