ጉርሻ የለመደው ጦጣ

አባዬ ከልጆቹ ሁሉ የሚያቀብጠው የመጨረሻውን ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ጦጣ ነበር። አባዬ ማር ነጋዴ ነው። አንዴ ከወደ ቦንጋ ሲመለስ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ አመጣው። እናቱን በቆሎ የሚጠብቁ ሰዎች ገድለዋት፣ ሬሳዋ ላይ ተጣብቆ ነው ያገኘው። ቀራንዮ ባለው ግቢያችን አደገ።

መጀመሪያ ጣቱን ወተት ውስጥ እየነከረ አጠባው፤ ከፍ ሲል ማጉረስ ጀመረ። ምሳ ሲቀርብ ጦጣው ጉልበቱ ላይ ይቀመጣል። አባዬ "ቢስሚላህ" ብሎ ሲጠቀልል፣ እሱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። መሬት ላይ ሙዝ ቢወድቅለት ዞር ብሎም አያየው። እኔ በቅናት እበግን ነበር። እኔን የሚያጎርሰኝ ለዒድ ብቻ ነዋ!

እናቴም አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ።

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ሚስትም አለችህ እኮ!"

"አንቺ እጅ አለሽ።"

"እሱም አለው፤ ያውም አራት!"

ዘንድሮ ክረምት ላይ ከዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጡ። ጎረቤት የቀረጸው ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ዞሮ ደርሷቸዋል።

"አባቴ፣ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ቤት ማስቀመጥ በሕግ ክልክል ነው" አለ አንደኛው። "እርስዎን ልንቀጣ አልመጣንም፤ እሱን ግን እንወስደዋለን።"

"ከሞት ያተረፈው ማን ሆነና!" ብዬ ጮህኩ። ሕጉ ልክ ነው፤ ጦጣ የተፈጠረው ለጫካ እንጂ ለእኛ ግቢ አይደለም። ያን ቀን ግን ልክነቱ አልታየኝም። አባዬ አልተከራከረም። የሽቦ ሳጥኑ ሲዘጋ ብቻ፣ "ልጆቼ፣ በእጃችሁ አጉርሱት። ከመሬት አንስቶ መብላት አያውቅም" አላቸው። አንደኛው ሳቀ። ያ ሳቅ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ብዙም ሳይቆይ ተደወለ። ጦጣው ምግብ እምቢ ብሏል፤ ምን እንደለመደ ሊጠይቁ ነው። አባዬ ስልኩን ዘግቶ ተነሳ። እንጀራ በፌስታል ቋጠረ፤ እኔና እሱ ታክሲ እየቀያየርን ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የእንስሳት ማገገሚያ ሄድን።

የተቀበለችን ሐኪም ፌስታሉን አየችው። "አባቴ፣ አሁን ካጎረሱት ዕድሜ ልኩን ከሽቦ አይወጣም" አለችው። "ራሱን ችሎ መብላት ከለመደ ግን ከመሰሎቹ ጋር ጫካ እንለቀዋለን።"

"ካልለመደስ?"

ፊቷን አዙራ ወደ ሽቦው መራችን።

ጦጣው አባዬን ሲያይ እየሮጠ መጥቶ ሽቦው ላይ ተንጠለጠለ። ከስቷል። አፉን ከፈተ። አባዬ ከልማዱ "ቢስሚላህ" ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ኋላው አጣመረ። መሬት ላይ ወደ ተቀመጠው ሙዝ በአገጩ እያሳየ፣ "ብላ፤ ብላ እንጂ አንተ" አለው። ጦጣው አፉን እንደከፈተ ጠበቀ። ዞረን ስንሄድም ጠበቀ። እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ አባዬ ታክሲ ውስጥ ፌስታሉን እስከ ቤት ድረስ ደረቱ ላይ ይዞት ነበር።

በዚያው ሳምንት ሞተ ብለው ደወሉልን። ጥረዋል፤ መጨረሻ ላይ በእጃቸውም ሞክረውለታል፤ የሌላ ሰው እጅ ግን አልተቀበለም።

ያን ቀን ምሳ ቀረበ። አባዬ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ እንጂ ማዕዱን አልነካም። ያቺ ስትቀና የኖረች እናቴ ተነስታ አጠገቡ ተቀመጠች። ጠቀለለችና ከንፈሩ ድረስ አስጠጋችለት።

"ቢስሚላህ በል" አለችው።

እጇ እስኪዝል ያዘችለት። አባዬ አፉን አልከፈተም።