የግድግዳ ሐኪሙ የገዛ ግድግዳ

ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል፤ ሥራው ግን ቀለም መቀባት ነው። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ደንበኛ ቤት ገብቶ ግድግዳ ላይ ቡኒ እድፍ ካየ ብሩሽ አያነሳም። መጀመሪያ በጣቱ መታ መታ ያደርገዋል፣ ጠጋ ብሎ ያሸተዋል፣ ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይሄ የቀለም በሽታ አይደለም፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ ብትቀቡት ድካም ነው ይላል። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ የውሃ ቆጣሪው መቆም አለመቆሙ እንዲታይ ያዛል፤ ከዞረ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። እውነቱንም ነው። ይህን ሁሉ ለሰው የሚመክር ሰው ታዲያ የገዛ ሳሎኑን እድፍ በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ቀብቶታል፤ ቆጣሪውን አንድ ቀንም አላየም።

እድፉ የወጣው ሳሎኑን ከመታጠቢያ ቤቱ በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ከምስክር ወረቀቱ በታች ነው። ምስክር ወረቀቱ አንድ የቀለም ፋብሪካ የሦስት ቀን ሥልጠና ለወሰደ ሁሉ ያደለው ነው። ሚስቱ መኝታ ቤት ይሰቀል ብትለው ሐኪሙ አሻፈረኝ አለ፤ ከደጅ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ እዚያ ላይ ማረፍ አለበት። ለአንዲት ቀላል ፍሬም ጣት የሚያህል ሚስማር መርጦ፣ እንዳትወድቅበት እስከ አንገቱ ቀረቀረው። ይህ የዛሬ አራት ዓመት ነው።

ሁለት ዓመት ደህና ከቆየ በኋላ ሳንቲም የምታህል ቢጫ ነጥብ ብቅ አለች። ቀባት። ከወር በኋላ ሰሃን አክላ ተመለሰች፤ ጠርዟ ቡኒ፣ መሃሏ ያበጠ፣ ሲነኳት ልስኑ እንደ ዱቄት የሚረግፍ። ፋቀው፣ በስቱኮ ሞላው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ በዘይት ቀለም አፈነው። ሚስማሩ መዛጉንም በዓይኑ በብረቱ አይቷል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የዝገት መከላከያ ቀባው።

ይህ ብቻ ቢሆን በገዛ ቤቱ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሐኪሙ ግን ጥፋተኛ ፈለገ። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ የዘረጋው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ለእህቱ ከቤተሰቡ የቀረላት እሱ ብቻ፣ እሑድ እሑድ ምሳ የሚበላው እነሱ ቤት። አንድ እሑድ እድፉን ትክ ብሎ አየና ግድግዳውን ትንሽ ከፍቶ ልየው ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ሦስተኛውን ቀለም ቀብቶ ከጨረሰ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ቱግ አለ። መጋጠሚያውን ሳታጠብቅ ሄደህ ነው ቤቴን የምታበሰብሰው፣ አሁን ደግሞ ቀለሜን ልታፈርስ ነው ብሎ፣ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ በተቀመጠችበት አዋረደው። ወጣቱ ሹካውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን አነሳና ወጣ።

ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ልብስ ሰፊዋ የሰማችውን ለሰፈሩ አዳረሰች፤ በሰፈሩ ቧንቧ ቢፈነዳ እንኳ እሱን የሚጠራ ጠፋ። ሚስትየው አልጮኸችም፣ አላኮረፈችም። ነገር ግን የወንድሟን ወንበር ከጠረጴዛው አላነሳችም፤ ባሏንም ምግብ ላይ «ልጨምርልህ?» ማለት ተወች። አንዴ ታቀርብለታለች፣ አለቀ። ሐኪሙ ወንበሩን ባየ ቁጥር ይጸጸታል። ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ሲነሳ ደግሞ እድፉ ይመለስና፣ ይኸው፣ እኔ መች ተሳሳትኩ ብሎ ይቀመጣል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለአምስተኛው ቀለም ተዘጋጀ። ፍሬሙን አወረደ፣ ያበጠውን ፋቀ። ሚስማሩ በዝገት ተበልቶ ክር አክሏል። እስቲ በአዲስ ይቀየር ብሎ በጉጠት ያዘና ነቀለው። ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ወጥቶ ዓይኑ መሃል አረፈ። አፉን ከፍቶ ስለነበር ጥቂቱን ዋጠው።

ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ቆመ። እንዲህ ቆሞ ነው ነገሩ የገባው። ቧንቧውን የበሳው ራሱ ነው፤ የወጋው ሚስማር ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖት ከርሞ፣ እየዛገ ሲመጣ ውሃው በጎኑ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። የሰው ቤት ቆጣሪ ሲያስጠብቅ የኖረ ሰው፣ የገዛ ቧንቧው ላይ ምስክር ወረቀት ሰቅሎ፣ ከሥሩ ቀለም ሲቀባ ኖሯል።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ጊዜ ሚስቱን ይጠራል። ሐኪሙ ያደረገው ሚስማሩን መልሶ መሰካት ነው። ውሃው ቀጥ አለ። ሚስቱ ከወጥ ቤት ምን ሆንክ ብትለው፣ አገጩ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ ምንም አላት። ማንም አላየም። ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ ማሠራት ይችላል፤ ዓይኑን በጨው ካጠበማ፣ አላልኳችሁም ብሎ በአማቹ ማሳበብም ይችላል። ይህን ሲያውጠነጥን ዓይኑ ባዶው ወንበር ላይ አረፈ። በራሱ አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ዘወር ሲል ሚስቱ መወልወያ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«እኔ ነኝ የበሳሁት» አላት ወደ ሚስማሩ እያሳየ። «ወንድምሽ ምንም አላጠፋም።»

መወልወያውን በሩ ላይ አስደገፈች። ከዚያ ስልኩን አመጣች፣ ወንድሟ ጋ ራሷ ደወለችና አቀበለችው።

«ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ ንገረው።»

የደንበኛ ቤት ሲሆን ምላሱ የማይታሰረው ሐኪም ተንተባተበ። «ሚስማር ነው፤ የኔ ሚስማር ነው፤ ለምስክር ወረቀቴ የመታሁት» አለ።

ወጣቱ ከወዲያ ማዶ ጠየቀው።

«ነቀሉት እንዴ ጋሼ?»

«ነቅዬ መልሼ ሰካሁት።»

«እንግዲያው አይንኩት። እየመጣሁ ነው።»

ሐኪሙ ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ቢሰደብ ይሻለው ነበር። አማቹ መጥቶ ውሃውን ከዋናው ዘጋ፣ ግድግዳውን በመዶሻና በመሮ ከፈተ። ሐኪሙ ባትሪ ይዞ ሲያበራለት፣ ቧንቧው ላይ የሚስማሩ ቀዳዳ ቁልጭ ብሎ ታየ። መጋጠሚያዎቹ በሙሉ ደረቅ ነበሩ። ሐኪሙ አይቷቸዋል፣ ወጣቱም አይቷቸዋል። የተበሳውን ቆርጦ ቀየረው፣ እጁን ታጠበ፣ እህቱ ነገ እሑድ ነው ብትለው አውቃለሁ አላት።

በማግሥቱ ምሳ ላይ የግድግዳው ቀዳዳ እንደተከፈተ ነው፤ እስኪደርቅ ሳምንታት መቆየት አለበት፣ ደንቡን ያወጣው ሐኪሙ ራሱ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ልበላችሁ ብላ ገባች። ከሰላምታዋ በፊት ዓይኗ ቀዳዳው ላይ ተሰካና ምን ጉድ ነው አለች።

ወጣቱ ፈጠን ብሎ ቧንቧው አርጅቶ ነው አላት። የሐኪሙን ገመና ሊሸፍንለት ነው። ለሐኪሙ ከትናንቱ ውሃ ይልቅ ይህ ከበደው። ሹካውን አስቀመጠ።

«አላረጀም» አላት። «እኔ ነኝ በሚስማር የበሳሁት። ያን ጊዜ አንቺ ፊት እሱን የሰደብኩት በሐሰት ነው። ያን ለሰፈሩ ነግረሽልኛል፤ ይሄንንም ንገሪልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ወጥ ቤቷ ያለው ቧንቧ ካፈሰሰ ሰንብቷልና፣ ወጣቱን መቼ መጥተህ ታይልኛለህ ብላ ጠየቀችው። ሰኞ ጠዋት አላት።

ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ባዶ ሳህኑን ሲያይ፣ ሚስቱ ጭልፋውን ይዛ አጠገቡ ቆመች።

«ልጨምርልህ?» አለችው።