«ጂራ» ሳይባል የወደቀው ዛፍ

ቡራዩ ዳር ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ አለቃችን ኦቦ ቱሉ መጥረቢያ አልሰጡኝም። «ስምህን በኋላ ትነግረኛለህ። አሁን ጩህ እስቲ!» አሉኝ።

ጮህኩ።

«ይሄ ለመዝሙር ይሆናል፤ ለዛፍ አይበቃም» አለ ደረጀ፣ ገጀራውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ። ሁሉም ሳቁብኝ። እስከ ማታ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ዘጋ።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ነው። ኦቦ ቱሉ ቆራጭ ናቸው። ግንዱን በሚወድቅበት በኩል በመጥረቢያ ይቦረቡሩና በሌላው ጎን በመጋዝ ይገቡበታል። እኔ ገመድ ያዥ ነበርኩ። ደረጀ የወደቀውን ግንድ ቅርንጫፍ ይመለምላል። ከመጨረሻው መጋዝ በፊት ኦቦ ቱሉ «ሊወድቅ ነው!» ብለው ይጮሃሉ፤ እያንዳንዳችን ካለንበት «ጂራ!» ብለን እንመልሳለን። በኦሮምኛ አለሁ ማለት ነው። አንድ ድምፅ ከጎደለ መጋዙ ይቆማል።

የከተማ ጓደኞቼ የገጠር ኑሮ ሰላም ነው ይሉኛል። ያነበብኳቸው መጻሕፍትም አብዛኞቹ እንዲሁ ይላሉ። ባሕር ዛፍ ቆመህ ስታየው የዋህ ነው። ሲቆረጥ ግን ግንዱ ይሰነጠቅና ወደ ኋላ ይራገጣል፤ ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና ሰው ሲረሳው ይወርዳል።

ከዚያ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገጠር ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ወሬ መጣ። ካርታውን በዓይኑ ያየ ሰው አላገኘሁም፤ ሁሉም ግን የእሱ መሬት እንደገባበት ያውቃል። ገበሬው መሬቱ ሳይወሰድ ዛፉን ለመሸጥ ተጣደፈ። እንዲህ ሥራ በዝቶልን አያውቅም። የሰው ጭንቀት ለእኛ እንጀራ ሆነ።

በፕላኑ ላይ የተነሳው ተቃውሞ ሲበረታ የአምቦ መንገድ በድንጋይ ይዘጋ ጀመር። አንድ ቀን የኦቦ ቱሉን ጥሪ የሰሙ የጎረቤት ቀበሌ ወጣቶች የድረሱልን ጩኸት መስሏቸው ዱላ ይዘው መጡ። ተከትለዋቸው የታጠቁ ሰዎች በፒክአፕ መጡ። ዛፍ እየቆረጥን መሆኑን እስክናስረዳ ድረስ መሬት ላይ በደረታችን ተኝተን ነበር።

በማግስቱ ጫካውን የገዛው ነጋዴ መጣ። «ኦቦ ቱሉ፣ ከእንግዲህ ጩኸት ይቅር። በእጅ ምልክት ይስጡ።»

«መልማይ አጎንብሶ ነው የሚሠራው። እጄን በምኑ ያየዋል?»

«በጥይት ከምታልቁስ?»

«ልጄ፣ አንተ ጥይቱን ብቻ ነው የምትፈራው። እኔ ዛፉንም እፈራለሁ።»

«እንግዲያስ እረፉ፤ ሌላ ቆራጭ አመጣለሁ» አለ ነጋዴው። ኦቦ ቱሉ እኛን አዩን። ማናችንም እረፍት አልመረጥንም።

«ከዛሬ ጀምሮ ድዳ ሆነናል ማለት ነው» አለ ደረጀ። «ለሚስቴ ንገሩልኝ፤ ደስ ይላታል።»

በምልክት ጥቂት ቀን ሠራን። ምንም አልደረሰብንም። በጣም የጎዳን ይኸው ነው፤ ለመድነው።

አንድ ረፋድ ደረጀ ውሃ ሊጠጣ ወደ ወንዝ ወረደ። ኦቦ ቱሉ እጃቸውን አነሱ፤ እኔም አነሳሁ። የደረጀ ቦታ ባዶ ነበር። ወንዝ ዳር ነው ብለን አሰብን፤ ኦቦ ቱሉም መጋዙን ቀጠሉ። እሱ ግን በቁጥቋጦው ዞሮ ተመልሶ፣ ከታች በኩል የትናንቱን ግንድ እየመለመለ ነበር። ዛፉ ጀርባው ላይ ወደቀ።

ኦቦ ቱሉ ያኔ ጮኹ። «ሊወድቅ ነው!» አሉ፣ ዛፉ ከወደቀ በኋላ። ደጋግመው ጮኹና በየመሐሉ የደረጀን «ጂራ» ጠበቁ። የሚመልስላቸው አልነበረም።

ወጣቶቹ አሁንም ጩኸቱን ሰምተው ደረሱ። ራሳችን በቆረጥነው አጣና ቃሬዛ ሠራን። መንገዱን የዘጉት ልጆች ድንጋዩን በእጃቸው አንስተው አሳለፉን። ደረጀ ሆስፒታል ሳንደርስ ሞተ።

ኦቦ ቱሉ ከዚያ በኋላ መጋዝ አልነኩም። እኔ ግን ለዓመታት ሠራሁ፤ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ አስጮኸዋለሁ። መጮህ በማይቻልበት ቀን ዛፍ አይቆረጥም።