ድንጋይ ላይ የቆመው ላንድሮቨር

እናቴ ጥቁር ነጠላዋን የገዛችው እኔ ሳልወለድ ነው። ለብሳው ግን አታውቅም። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ከሳጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ አጥፋ ትመልሰዋለች።

አባቴ ሾፌር ነበር። የአንድ ቡና ነጋዴ ላንድሮቨር ይዞ፣ በዝናብ፣ ከቴፒ ወደ ሚዛን ተነሣ። አልደረሰም። መኪናውም አልደረሰም። እኔን አርግዛ የነበረችው እናቴ ገደል ገብቷል አለች። ሰፈሩ ሌላ አለ፤ ሞተሩን ለወፍጮ ቤት ሸጦ፣ ከሌላ ሴት ጋር ወደ ጋምቤላ ተሻግሯል አሉ። ሬሳ ስላልተገኘ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ባል አላት እንዳይባል ባሏ የለም፤ ባሏ ሞተ እንዳይባል መቃብር የለም። ቦኖ ውኃ ስንሄድ ሴቶቹ ሲያዩን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ያደግኩት እዚያ ዝቅ ያለ ድምፅ ውስጥ ነው።

እኔ ሚዛን፣ አንድ ጋራዥ በር ላይ፣ የባጃጅና የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ስንኝ እየጻፍኩ እኖራለሁ። ቀለሙ የደንበኛው፣ ስንኙ የኔ። ሥራ ሲጠፋ ከመካኒኮቹ ጋር መኪና ሥር እገባለሁ። በቡና ለቀማው ሰሞን አንድ የሸኮ ገበሬ ሞተር ሳይክሉ ላይ አጽፎ ሲጨርስ፣ «መኪናስ ታውቃለህ?» አለኝ። በቅርቡ የገዛውን የቡና ጫካ ሲያስመነጥር ያረጀ ላንድሮቨር አግኝቷል። አዲስ አበባ አሮጌ መኪና እየፈለጉ የሚያድሱ ሰዎች እንዳሉ ሰምቷል፤ ምን ዓይነት እንደሆነና ይረባ እንደሆነ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

ለእናቴ ነገርኳት። ሄዳ ሳጥኑን ከፈተች።

በማግስቱ ስንወጣ ጥቁሩን ለብሳለች። የጸሎት ጓደኞቿንም ንፍሮ እንዲቀቅሉ፣ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ እንዲያነጥፉ ነግራቸዋለች።

«እማ፣ ገና ምኑም አልታወቀም እኮ።»

«አንተ ብረትህን እይ። እኔ ባሌን አውቀዋለሁ።»

ደስ ብሏት ነበር። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት ስለማላውቅ ፈራሁ።

መኪናው አንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር፣ በቡናው መሀል ነው ያለው። ከኮፈኑ ሥር ኮረሪማ በቅሎ፣ ቅጠሉ በፊት መስታወቱ ቦታ ወደ ውጭ ይወጣል። ወንበሩ ላይ ዶሮዎች አድረውበታል። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የፈታሁትን ማግኔት ከኪሴ አወጣሁ። የላንድሮቨር በር አሉሚኒየም ነው፤ ማግኔት አይዝም። አስጠጋሁት። ቀጭ ብሎ ተጣበቀ።

«ላንድሮቨር አይደለም» አልኩ። «የጃፓን ነው።»

ገበሬው ሳቀ። «የኔ ልጅ፣ ጭቃ ከወጣ ላንድሮቨር ነው። እኛ አገር ሌላ ስም የለውም። የትምህርት ቤት ነገር አታምጣብን።»

ልክ ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መኪና ሁሉ ላንድሮቨር ነው፤ እናቴም ሌላ ቃል አልነበራትም። ስለዚህ ስሙን ትቼ ስለ መኪናው ጠየቅኳት።

«የሱ መኪና ትርፍ ጎማ የት ነበር? ኮፈኑ ላይ?»

«ከኋላ፣ በሩ ላይ። እሱን ይዤ ነበር የምሳፈረው።»

ወደ ኋላ ዞርኩ። የትርፍ ጎማው ማሰሪያ በሩ ላይ ዝጎ ቆሟል። አጠገቤ ደርሳ አየችው፤ በመዳፏ ነካችው። ከዚያ ስታቆየው የኖረችው ለቅሶ ወጣ። ደረቷን እየመታች በስሙ ጠራችው። ገበሬው ኮፍያውን አውልቆ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ» ይላል።

እኔ ግን ማየቴን አላቆምኩም። ጣሪያው አልተጨረመተም። ጎንበስ ብዬ ሻንሲውን ተከትዬ አየሁት፤ አልተጣመመም። ቦታውም ገደል አይደለም፤ ለጥ ያለ ነው። የእጅ ፍሬኑ ተስቧል። ሞተሩ የለም፤ የተቀመጠባቸው እግሮች ግን አልተሰበሩም፣ ብሎኖቹ በቁልፍ ተፈትተዋል። ጎማም የለውም። በየእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርድሮ፣ መኪናው ሳያዘነብል ተቀምጧል።

«ድንጋዩን የደረደሩት እርስዎ ነዎት አባባ?»

«እኔ? ሳገኘው እንዲሁ ነው። ጫካውን የሸጠልኝም ሰውዬ ኋላ ስጠይቀው ካገኘሁት ጀምሮ እንዲሁ ነው ብሎኛል።»

ሌቦች ይሆናሉ ብዬ አሰብኩ። እንዲሆኑ ፈለግኩ።

እናቴ ለቅሶዋን አቋርጣ የፊተኛው እግር አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። ስለ አባቴ የነገረችኝ አንድ ደግ ወሬ አለ፤ በልጅነቴ እንድተኛ የምታወራልኝ። ሌላው ሾፌር ጎማ ሲፈታ የብሎኖቹን ዳዶዎች መሬት ላይ ይበትናል፣ ወይ ኪሱ ይከታል። አባቴ ግን ጎማውን ካወጣ በኋላ እያንዳንዱን ዳዶ መልሶ ብሎኑ ላይ ያጠልቀዋል። «ቤቱ ይግባ» ይል ነበር አሉ። ሾፌሮቹ ይስቁበት ነበር። የመጀመሪያ ግጥሜን የጻፍኩት በዚህ ነው።

ዳዶዎቹ ሁሉም ብሎናቸው ላይ ነበሩ። በአራቱም እግር። ዝገው ከብሎኑ ጋር አንድ ሆነዋል።

እናቴ አንዱን በጣቶቿ ልታዞረው ሞከረች። አልዞረም። ጣቶቿን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ጊዜ ነበረው» አለች።

ገበሬው ማዘኑም መጠየቁም አንድ ላይ ይዞት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ ይረባል?» አለኝ። ወለሉን ዝገት በልቶታል፣ በሮቹ ለቁርጥራጭ ብረት ካልሆነ አይሆኑም፣ ሻንሲው ደህና ነው አልኩት። እናቴ ትሰማ ነበር።

ግቢያችን ስንደርስ ምንጣፉ ተነጥፏል፤ ንፍሮው በሰፌድ ቀርቧል። ሴቶቹ ጥቁሩን ሲያዩ ተነሥተው አለቀሱ። እናቴ እጇን አነሣች።

«ዝም በሉ። ሰውየው አልሞተም።»

ተያዩ። ከዚያ አንዷ «ሃሌ ሉያ!» ብላ ጮኸች። እልልታው ተከተለ። እያቀፉ ሳሟት፤ ጌታ ጸሎትሽን ሰማ አሏት። እናቴ እንደ እንጨት ደርቃ ታቀፈች። ከመሀላቸው ስትወጣ ገብታ ነጠላውን አጠፈችና ሳጥኑን ዘጋች።

ውጭ መዝሙር ተጀመረ። ንፍሮው እንዳይበላሽ ተብሎ ተበላ።