እንደ ደቦ የተረባረብንበት ማስታወቂያ

ፈንታነሽ ከዱባይ ስትመለስ አጎቷ አያ ወርቁ የሽመና ዕቃቸውን ሊነቅሉ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ከበግ ፀጉር ባና ሠርተዋል። አሁን ግን የደብረ ታቦር ሰው ቀለል ያለውን የፋብሪካ ብርድ ልብስ ስለሚገዛ አሥራ አንድ ባና ቤታቸው ተቆልሎ ቀርቷል። የእነዚያን ባናዎች ፀጉር የፈተለችው ባለቤቴ ጥሩነሽ ናት። እሷ ካረፈች ወዲህ ሌላ ፈታይ አልተገኘም።

«እስከ ኅዳር ሚካኤል ይታገሱኝ» አለቻቸው ፈንታነሽ። «ካልተሸጠ እኔው አብሬዎት እነቅላለሁ።»

ክረምቱን ስልኳ ላይ ስለ ኢንተርኔት ማስታወቂያ ስትማር ከረመች። ሰው ማስታወቂያውን አይቶ ቢያልፍ አይከፈልም፤ በጣቱ ሲነካው ግን በነካ ቁጥር ከተያዘው ገንዘብ ይቀነሳል። ዱባይ የቀረች ጓደኛዋ በካርዷ ከፈለችላት። ፈንታነሽም ዘመድ ይይልኝ ብላ የባናው ማስታወቂያ ደብረ ታቦር ላይ እንዲታይ አደረገች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለማኅበርተኛው ነገረች። እኛ ደግሞ ወገን ሥራ ሲጀምር ቆመን ማየት አንችልም። እንደ ደቦ ተረባረብንበት። ስልክ ያለው ነካ፤ የሌለው ከጎረቤት ተውሶ ነካ። እኔም ነክቻለሁ። ለአምስት ቀን የታሰበው ገንዘብ ምሳ ሳይደርስ አለቀ። አንድም ባና አልተሸጠም።

«እኔ ብቻ በአራት ስልክ ነክቼልሻለሁ! ምን ጎደለ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

«ያጎደሉትማ እርስዎ ነዎት፣ እትዬ» አለች ፈንታነሽ። ታለቅሳለች ስንል ሳቀች።

አያ ወርቁ አልሳቁም። «ሰው በበዛ ቁጥር የሚከስር፣ ይኼ ምን የሚሉት ገበያ ነው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አያ። ባና ቤቱ ላለው ሰው ነው የዘረጋሁት። መፈለግ የነበረብኝ በርዶት ያጣውን ነው።»

እጇ ላይ በቀረቻት ጥቂት ገንዘብ እንደገና ጀመረች። አሁን ማስታወቂያው የሚታየው አዲስ አበባ ብቻ፣ ያውም ብርድ ልብስ ለሚፈልግ ሰው ሆነ። ሊገዛ ያላሰበ እንዳይነካው ዋጋውን ከላይ ጻፈችው። ለእኛም «ዛሬ የምታግዙኝ ባለመንካት ነው» አለችን። ከባድ ነበር። እትዬ ብዙነሽ ስልካቸውን ሌማት ውስጥ ከተቱት።

በሦስት ቀን የነኩት ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ነበሩ። በአራተኛው ቀን እንጦጦ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ያላት ሴት ደውላ አራት ባና አዘዘች። ከዚያ ሌላ ሰው ደወለ፤ ከዚያም ሌላ። ለኅዳር ሚካኤል ሁለት ባና ብቻ ቀሩ።

«እሺ፣ ዕቃው አይነቀልም» አሉ አያ ወርቁ። «ግን በምን ልሥራ? ፈታይ የት አለ?»

ፈንታነሽ ወደ እኔ ዞር አለች። ቤት ገብቼ የጥሩነሽን እንዝርት ከተሰቀለበት አወረድኩና ለፈንታነሽ ሰጠኋት።

«ብሰብረውስ፣ ጋሼ?»

«ብዙ ተፈትሎበታል። አይሰበርም» አልኳት።

የመጀመሪያ ክሯ ወፍራምና ጎርባጣ ነበር። አያ ወርቁ እያጉረመረሙ ሠሩበት።