ነጠላ ጫፍ ላይ የተቋጠረው ጠበል

እኔ ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት የሚወራው ተረት ስለ ጅብና ስለ አንበሳ አልነበረም፤ ስለ አውሮፕላን ነበር። ሰንራይዝ ማነር የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን ጎን፣ መኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር፣ አያቴ አባባ ደስታ ከሰል አያይዘው በቆሎ እየጠበሱ ያወሩልን ነበር። በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት የጦር አውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ስደት እዚህ ባሕር ማዶ ካመጣቸው በኋላ ካዚኖ ውስጥ ሺፍት ይገባሉ፤ የዕረፍት ቀናቸውን ግን ከጓደኞቻቸው ጋር ሃንጋር ውስጥ፣ አውሮፕላን በሚጠገንበት አዳራሽ፣ ድሮ በትልቁ የዓለም ጦርነት መርከብ ላይ ታርፍ የነበረችና ኋላ ዝገት የበላት ተዋጊ አውሮፕላን ሲጠግኑ ይውሉ ነበር። «መርከቡ ስለሚጠብባት ክንፏን እንደ ዶሮ ትሰበስባለች» ሲሉን ያኔ የሚቀልዱ ይመስለን ነበር።

አንዱን ታሪክ ሲያወሩ ግን በቆሎው እያረረ እንኳ አያዩትም። ደብረ ዘይት ሳሉ አንድ መካኒክ ብሎን መፍቻውን፣ ካቻቢቴውን፣ አብራሪው ወንበር ሥር ረስቶ ወረደ። አውሮፕላኗ አየር ላይ ስትገለበጥ ካቻቢቴው ተንከባሎ መሪው ሥር ተወተፈ፤ መሪው አልንቀሳቀስ አለ፣ አብራሪውም አልተመለሰም። ካቻቢቴው ከሣጥኑ መጉደሉን ያየ ሰው ነበር አሉ፤ በአለቆች ፊት መናገር ፈርቶ ዝም አለ። እዚህ ሲደርሱ አባባ ፍሙን እየቆሰቆሱ እጃቸውን አንገታቸው ላይ ያሳልፋሉ። «ሞተር አጥፋ ማለት ይኸው ነው። አፍሽ ቢታሰር እጅሽ አለልሽ» ይሉኛል። ለዚህ ነው ሃንጋሩ ውስጥ አውሮፕላኗን የሚጠጋ ሁሉ መጀመሪያ ኪሱን ትሪ ላይ የሚያራግፈው።

አውሮፕላኗ ተጠግና የምትበርበት ቀን ደረሰና ቤተሰብ ሁሉ ተጠራ። የዕለቱ አብራሪ ሁለት ልጆቹን አጠገቤ አቁሞ ሄደ። የአባባ ልጅ፣ አክስቴ ሰናይት፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነበር የመጣችው። በረራው ከመጀመሩ በፊት አብራሪው ወንበር ላይ ተቀምጠን ፎቶ እንድንነሣ ተፈቀደልን። ሰናይት እንደ ሰው ሁሉ ኪሷን አራገፈች፤ ነጠላዋን ግን ማን ይጠይቃታል? አብሬያት መሰላሉን ወጥቼ ስለነበር የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አንዲት ትንሽ የጠበል ጠርሙስ ወንበሩ ሥር ስትከት አየኋት።

«ዝም በይ እሺ? ጠበሉ ይጠብቃት ብዬ ነው፤ ይቺ አውሮፕላን ብትወድቅ አባባ ከሐዘኑ አይተርፉልንም» አለችኝ።

ወረድን። አብራሪው ገባ፣ ክዳኑ ተዘጋ፣ ሞተሩም ተነሣ። ደረቴ ውስጥ እስኪሰማኝ ድረስ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ግን የማየው የአብራሪውን ልጆች ነበር፤ እየዘለሉ እጃቸውን ያውለበልባሉ። በአክስቴ ላይ ማሳበቅ ነውር ነው፤ ያውም በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት። አባባ ከፊት ቆመው ለአብራሪው በእጅ ምልክት ይሰጣሉ፤ አሁን መንገዱን ሊለቁለት ነው።

ሮጥኩና ከኋላ ጃኬታቸውን ጎተትኩ። በቁጣ ዞሩ። ጮኼ ልነግራቸው ፈለግሁ፤ አማርኛውም እንግሊዝኛውም ጠፋብኝ። እጄን አንገቴ ላይ አሳለፍኩ።

«ምን ሆንሽ?» አላሉኝም። ወደ አብራሪው ዞረው እጃቸውን አንገታቸው ላይ አሳለፉ። ሞተሩ ጠፋ። ያ ሁሉ ሰው ወደ እኛ ዞረ። አባባ ያኔ ነው ጎንበስ ብለው «በይ አሁን ንገሪኝ» ያሉኝ።

ነገርኳቸው፤ ወጥተው ሲያዩ፣ አውሮፕላኗ ገና መሬት ላይ ሳለች በሞተሩ መንቀጥቀጥ ብቻ፣ ጠርሙሷ ተንከባላ መሪው እግር ሥር ደርሳ ነበር። ሰናይት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። አሁን ይገሏታል ብዬ ስጠብቅ አባባ ጠርሙሷን ስመው ከፈቷት፤ ግማሹን የአውሮፕላኗ አፍንጫ ላይ፣ ግማሹን ሰናይት ራስ ላይ ረጩ። «ጠበል ከላይ ነው የሚረጨው ልጄ» አሏት። ባዶዋን ጠርሙስ ትሪው ላይ አኖሯትና ወንበሩን እንደገና በባትሪ ፈተሹ። አውሮፕላኗ በረረች። ጎማዋ ተመልሶ መሬት እስኪነካ ድረስ አባባ እጄን እስኪያመኝ ጨብጠውት ነበር።

አባባ ካረፉ ቆዩ። ከተረቶቻቸው ብዙውን ረስቻለሁ፤ አውሮፕላኗንም አሁን ባያት የማውቃት አይመስለኝም። ልቤ ውስጥ የቀረው ያ ሁሉ እንግዳ እያያቸው፣ የልፋታቸው ሁሉ ፍሬ በሚታይበት ቀን፣ በረራውን ለአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ ብለው ማስቆማቸው ነው። ዛሬ የእኔዋ ልጅ ስልክ ላይ ሆኜ፣ ወይም ለሺፍት እየተጣደፍኩ ሳለ፣ ከኋላ ልብሴን ትጎትተኛለች። አብዛኛውን ጊዜ «ጫማዬ ጠፋ» ልትለኝ ነው። ቢሆንም የያዝኩትን ትቼ፣ እንደ አባባ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አጠፋለሁ።