የአቶ አስናቀው የአሜሪካ ትምህርት

በ2006 ዓ.ም. የኮምቦልቻው አቶ አስናቀው ለሹመት ዲግሪ ስላስፈለገው፣ ጥቁር አሜሪካውያን ከነጮች ትምህርት ቤት በተከለከሉበት ዘመን ለእነርሱ በተመሠረተ አንድ ኮሌጅ በኢንተርኔት ተመዘገበ። ለዚያ የተከበረ ቤት ግን ከስሙ በቀር ያበረከተው የለም። ትምህርቱን ያነበበችውም፣ ጽሑፉን የጻፈችውም ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር በሚገኝ ኢንተርኔት ቤት የምትሠራው ፊርደውስ ናት።

በእኛ ቅኔ ቤት ተማሪ በመምህሩ ፊት ቆሞ በገዛ አፉ ካልተናገረ አይመረቅም። ያም ኮሌጅ ይህንኑ ሥርዓት ያውቅ ኖሯል። በመጨረሻው ፈተና አስናቀው በዚያው ኢንተርኔት ቤት ጠባብ ክፍል ከፊርደውስ ጋር ተቀምጦ ሳለ፣ መምህሩ በካሜራ ቀርበው በእንግሊዝኛ ጠየቁት።

አስናቀው ፊቱን ከካሜራው ወደ ፊርደውስ መለሰ። «ፊርዲ፣ ምን አሉኝ?» ሲል አንሾካሾከ።

«የጻፉትን በቃልዎ ይንገሩኝ ነው የሚሉት፣ ጋሼ።»

«መብራት ጠፋ በያቸው!»

«ወላሂ አልልም! አምፖሉ ከራስዎ በላይ ሲበራ እያዩት?»

ፈጣሪውን ያልፈራ ሰው ካሜራ ፈራ። ብድግ ብሎ፣ መስኮት በሌላት በዚያች ክፍል ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭኖ አምፖሉን አጠፋና ተመልሶ ተቀመጠ። ኮምፒውተሩ ግን እንደበራ ነበር፤ የገዛ ብርሃኑም የአስናቀውን ፊት ከቀድሞው ይልቅ አጉልቶ ለመምህሩ አሳየ።

ዲግሪውም ሹመቱም ቀሩ። እርሱ ግን ዛሬም ለጠየቀው ሁሉ፣ «መብራት ጠፍቶብኝ ነው» ይላል።